የቀረጻችሁት ሞዴል ፕላስቲክ እንዳይመስል፦ ቀለምና ቴክስቸር ለጀማሪ

በኮምፒውተር የቀረጻችሁት የ3ዲ ቅርጽ አልቋል። አፍንጫው፣ የዓይኑ ቆብ፣ የግንባሩ መጨማደድ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ከዚያ አንድ ደስ የሚል ቡናማ ትመርጡና ሙሉውን ትቀቡታላችሁ። ወዲያው አሻንጉሊት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጥፋቱ የመረጣችሁት ቀለም አይደለም። ቆዳ፣ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ያረጀ ብረት አንድ ወጥ ቀለም የላቸውም፤ የሚያብረቀርቁትም በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለምና አንድ ዓይነት ንጽብራቅ ያለው ነገር ዓይናችን የሚያውቀው ከፋብሪካ የወጣ ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ስለዚህ የእናንተንም ሥራ እንደዚያው ያየዋል። እዚህ የምናልፍባቸው ደረጃዎች ሁሉ ዓላማቸው ያንን ወጥነት ቀስ እያሉ መስበር ነው፤ መጀመሪያ በቀለም፣ ቀጥሎ ደግሞ ብዙ ሰው በሚረሳው በራፍነስ (ገጹ ምን ያህል እንደሚያብረቀርቅ በሚወስነው)።

ምሳሌያችን የሽማግሌ ጭንቅላት ይሁን። ቆዳ ከለመዳችሁ እንጨትም ብረትም አያስቸግራችሁም። የሜኑ ስሞቹን በዋናነት የምጠቅሰው ብሌንደር ከተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ነው፤ ነፃ ስለሆነ ማንም አውርዶ አብሮኝ መሞከር ይችላል። ዚብራሽ የተባለው ሌላው የ3ዲ ሶፍትዌር የሚለይበት ቦታ ላይ እጠቁማለሁ። ኖማድ ስካልፕት ላይ በታብሌት ለምትሠሩም ሐሳቡ ያው ነው።

ብራሽ ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ። ቀለም እየቀባችሁ ቅርጹን ሳታውቁት ልታበላሹት ትችላላችሁ። በተለይ ዚብራሽ ላይ አንዱ ብራሽ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ከላይ ካለው መስመር አርጂቢ የሚለውን አብሩ፣ ዜድአድ የሚለውን አጥፉ። ዜድአድ በርቶ ከቀረ የቀባችሁበት ቦታ ሁሉ አብሮ ያብጣል።

ዓይን፣ ጥርስና ልብስ ከቆዳው ተለይተው የየራሳቸው ኦብጀክት ይሁኑ። ዓይኑ ከቆዳው ጋር ተዋህዶ ከቀረ፣ በኋላ የዓይንን እርጥበት ስትሠሩ ዙሪያው ያለው ቆዳም አብሮ እንዳይረጥብ መጠንቀቁ አሰልቺ ሥራ ይሆንባችኋል።

ብሌንደር ላይ መልቲሪዝ ሞዲፋየር (ቅርጹን በተለያየ የዝርዝር ደረጃ የሚይዝ መሣሪያ) ተጠቅማችሁ ከቀረጻችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ስካልፕት ሞድ ውስጥ ያለው የቀለም ብራሽ መልቲሪዝ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሞዴሉን ኮፒ አድርጉና በአንደኛው ኮፒ ላይ ሞዲፋየሩን አፕላይ አድርጉት። ሁለተኛውን ዝቅተኛ ደረጃ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በኋላ ቀለሙን ወደ ምስል ስንገለብጥ (ቤክ ስናደርግ) ይፈለጋል።

ቀጥሎ ማሳያው ነው። ሶሊድ ማሳያ ላይ ሆናችሁ፣ ከምርጫዎቹ ላይቲንግ የሚለውን ፍላት፣ ከለር የሚለውን አትሪቢውት አድርጉ። ጥላው ሁሉ ይጠፋና የምታዩት የቀባችሁትን ቀለም ብቻ ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲህ ሆናችሁ አትሥሩ፣ ቅርጹ ይጠፋባችኋል፤ ግን በየጥቂት ደቂቃው ወደዚህ እየተመለሳችሁ እዩ። ዚብራሽ ላይ ደግሞ ቀይ ሰም የሚመስለው ማቴሪያል የምትመርጡትን ቀለም ሁሉ ያዛባል። ስኪንሼድ 4 ወደሚባለው ነጭ ማቴሪያል ቀይሩት።

ከ4.0 ጀምሮ ብሌንደር ላይ ኤጂኤክስ የተባለ የቀለም አያያዝ በራሱ በርቶ ይመጣል። ለመጨረሻው ሬንደር (ሶፍትዌሩ መብራቱን አስልቶ ለሚያወጣው ምስል) ግሩም ነው። ማቴሪያል ፕሪቪው ላይ ሆናችሁ ስትቀቡ ግን የመረጣችሁትን ቀለም አደብዝዞ ያሳያችኋል፤ እናንተም እሱን ለማካካስ ከልክ በላይ የደመቀ ቀለም ትመርጣላችሁ። ሬንደር ሴቲንግ ውስጥ ከለር ማኔጅመንት ስር ቪው ትራንስፎርም የሚለውን ለጊዜው ስታንዳርድ አድርጉት። ሲያልቅ ትመልሱታላችሁ።

ማውዝ ይበቃል። ግፊት የሚለይ ዲጂታል ብዕር ካላችሁ ግን ተጠቀሙበት፣ ስስ ቀለም መደረብ በጣም ይቀላል።

ቀለሙ የት ነው የሚቀመጠው?

ይህ ካልገባችሁ በኋላ ግራ የሚያጋቧችሁ ነገሮች ይበዛሉ፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ቀለም የሚቀመጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሞዴሉ ላይ ራሱ ነው፤ የሞዴሉን ገጽ የሚሠራው መረብ በተገናኘበት በእያንዳንዱ ነጥብ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቨርቴክስ ላይ፣ አንድ ቀለም ይቀመጣል። ዚብራሽ ይህን ፖሊፔይንት ይለዋል። ብሌንደር ከ3.2 ጀምሮ በስካልፕት ሞድ ውስጥ ከለር አትሪቢውት በሚል ስም አለው። ሁለተኛው መንገድ ቀለሙን በምስል ፋይል ላይ ማስቀመጥ ነው። ቴክስቸር የምንለው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ጥቅሙ ምንም ዝግጅት አለመፈለጉ ነው፤ ብራሽ አንስቶ መጀመር ብቻ። ጉዳቱ ደግሞ የቀለሙ ጥራት በቨርቴክስ ብዛት መወሰኑ ነው። ሞዴላችሁ 50,000 ቨርቴክስ ካለው የሚይዘው 50,000 የቀለም ነጥብ ነው። አንድ 2048 በ2048 የሆነ ቴክስቸር ግን 4,194,304 ፒክሴል አለው። እዚያ ጥራት ላይ በቨርቴክስ ለመድረስ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ቨርቴክስ ያስፈልጋል ማለት ነው። የቀባችሁት መስመር ጠርዙ ከተቆራረጠ ብራሹን አትውቀሱ። መረቡ ሳስቷል።

የእኔ ምክር ለጀማሪ ይህ ነው፦ በቨርቴክስ ጀምሩ፣ ሰፋፊውንና መካከለኛውን ቀለም እዚያ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ቴክስቸር ገልብጡና ጥቃቅኑን በቴክስቸር ላይ ሥሩ። ቀለም ከጀመራችሁ በኋላ ግን ሪሜሽ አታድርጉ (መረቡን እንደ አዲስ አታሠሩት)፤ የደከማችሁበት ቀለም ሊጠፋ ይችላል።

ደረጃ 1፦ መደቡን መሙላት

ነጭ ሞዴል ላይ መቀባት አትጀምሩ። ነጭ አጠገብ ማንኛውም ቀለም ከሆነው በላይ የጠቆረ ይመስላል። ቨርቴክስ ፔይንት ሞድ ውስጥ ገብታችሁ ከፔይንት ሜኑ ሴት ቨርቴክስ ከለርስ የሚለውን ስትጫኑ የመረጣችሁት ቀለም ሙሉውን ይሸፍናል። ዚብራሽ ላይ ከለር ሜኑ ውስጥ ፊል ኦብጀክት ነው።

መደቡ መካከለኛ ይሁን። ከሚኖሩት ቀለሞች ሁሉ ፈዛዛውም ጥቁሩም አይሁን፣ በሁለቱም በኩል የምትሄዱበት ቦታ ይተውላችሁ። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ከ30 በታችና ከ240 በላይ አትውጡ። ከሰልም ቢሆን ፍጹም ጥቁር አይደለም፤ በረዶም ፍጹም ነጭ አይደለም። ፍጹም ጥቁር የቀባችሁበት ቦታ ምንም መብራት ቢመጣበት አይበራም፤ ሬንደር ላይ ቀዳዳ ይመስላል።

ይህን ሕግ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያዙት፦ ብርሃንና ጥላ አትቀቡ። መብራቱን ሶፍትዌሩ ያመጣዋል። አገጩ ስር ጥቁር ቀብታችሁ ሬንደሩ የራሱን ጥላ ሲጨምርበት ጢም ያወጣ ይመስላል። የካርቱን ዓይነት በእጅ የተቀባ ስታይል ከሆነ የምትሠሩት ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ ብርሃኑን መቀባቱ ራሱ ጥበቡ ነው።

ደረጃ 2፦ ሦስቱ የፊት ቀጠናዎች

ሠዓሊዎች ከድሮ ጀምሮ ፊትን በሦስት ይከፍሉታል። ግንባሩ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቆዳው ስስ ነው፣ አጥንቱ ቅርብ ነው። ከዓይን ስር እስከ አፍንጫ ጫፍ፣ ጉንጭና ጆሮን ጨምሮ፣ ወደ ቀይ ያደላል፤ ደም ስሮቹ ለገጹ ቅርብ ናቸው። ከአፍ በታች ያለው አገጭና መንጋጋ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ያዘነብላል፤ በተለይ ወንድ ላይ፣ የተላጨ ጢም ከቆዳው ስር ስለሚታይ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። የብራሹን ጥንካሬ ወደ 0.15 አውርዱ። ብሌንደር ላይ የኤፍ ቁልፍ የብራሹን ስፋት፣ ሺፍትና ኤፍ አንድ ላይ ደግሞ ጥንካሬውን ይቀይራሉ። እዚያ ትንሽ ከመጠን ያለፈ ቀይ ምረጡና አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ጆሮው ጠርዝ ላይ፣ ጉንጩ ላይ ደጋግማችሁ ንኩ። ያስጠላል፣ አትፍሩ፣ ቀጥሉ። ቢጫውን ግንባር ላይ፣ ግራጫ ሰማያዊውን አገጭ ላይ እንዲሁ አድርጉ። አሁን ፊቱ ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል። ከዚያ የመደቡን ቀለም መልሳችሁ ምረጡ፣ ጥንካሬውን 0.1 አካባቢ አድርጉ፣ በሰፊ ብራሽ በስሱ ከላይ ደርቡበት። ቀዩ ከስር መታየቱን ሳያቆም ይረጋጋል። ቆዳውን ሕያው የሚያስመስለው ይህ ከስር የሚታየው ቀለም ነው፤ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ቅልቅል ፈልጎ አንዴ መቀባት ይህን አይሰጣችሁም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ አብዛኞቹ ትምህርቶች ነጣ ባለ ቆዳ ላይ የተሠሩ ናቸው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ስትሠሩ ያንኑ ሮዝ ቀለም ከወሰዳችሁ ቆዳው ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀዩ ቦታ ከመደቡ አይንጣ። ጠቆር ያለና ወደ ቀይ ቡናማ የሚሄድ ቀለም ምረጡ። ቢጫውም ወደ ወርቃማ ቡናማ ይሂድ። መዳፍና የእግር ውስጥ ፈዘዝ ይላሉ፤ የጣት መገጣጠሚያዎች ይጠቁራሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ በቀጠናዎቹ መካከል ያለው የቀለም ልዩነት ጠበብ ይላል፣ የንጽብራቁ ልዩነት ግን በደንብ ይታያል። ለዚህ ነው ራፍነስ ላይ የበለጠ ጊዜ ስጡ የምለው።

ከቀጠናዎቹ በኋላ ቆዳውን አዥጎርጉሩት። ዚብራሽ ላይ ስትሮኩን ከለር ስፕሬይ አድርጋችሁ ነጠብጣብ ያለው አልፋ (የብራሹን ቅርጽ የሚወስን ግራጫ ምስል) ስትጨምሩበት በየንክኪው ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ቀለም ይረጫል። ብሌንደር ላይ ብራሹ ላይ ክላውድስ ዓይነት ቴክስቸር ጨምሩና ጥንካሬውን ዝቅ አድርጉ። ሞዴሉን አርቃችሁ ስታዩት ዥጉርጉሩ መለየት የለበትም። ቀረብ ስትሉ ብቻ ይታይ።

ደረጃ 3፦ ስንጥቁና ጉብታው

መጨማደዶቹን አንድ በአንድ በእጅ መቀባት አያስፈልግም። ቅርጹ ራሱ ማስክ ይሆናችኋል። ዚብራሽ ላይ ማስኪንግ ውስጥ ማስክ ባይ ካቪቲ የሚለውን ስትጫኑ የጎደጎዱትን ቦታዎች ይለይላችኋል። ማስክ የሸፈነው ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ስለዚህ ስንጥቁን ለመቀባት ማስኩን ገልብጡት። ብሌንደር ከ3.4 ጀምሮ ኦቶ ማስኪንግ ውስጥ ካቪቲ የሚል አለው። ቨርቴክስ ፔይንት ውስጥ ያለው ደርቲ ቨርቴክስ ከለርስም ፈጣን ነው።

እዚህ ላይ የሚመረጠው ቀለም ወሳኝ ነው። የቆዳ ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር አትጨምሩ፣ ፊቱ ያልታጠበ ይሆናል። ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ አድርጉት። እንጨት ከሆነ ጠቆር ያለ ሙቅ ቡናማ። ብረት ከሆነ ስንጥቁ ውስጥ ዝገትና ቆሻሻ ይጠራቀማል፤ እጅ የሚነካው ጠርዝ ደግሞ ይፋቃል። ጉብታዎቹን በጣም በስሱ ከመደቡ ትንሽ አፍዝዟቸው።

ሬንደር ላይ ሁሉም ነጭ ሆኖ ከታያችሁ ቀለሙ አልጠፋም። ማቴሪያሉ ስለ ቀለሙ አያውቅም። ሼደር ኤዲተር ውስጥ ከለር አትሪቢውት የሚለውን ኖድ (የማቴሪያሉን አንድ ክፍል የሚወክል ሳጥን) ጨምራችሁ ከቤዝ ከለር ጋር አገናኙት።

ደረጃ 4፦ ዩቪ መዘርጋት

ቴክስቸር ጠፍጣፋ ምስል ነው፣ ሞዴሉ ግን ክብ ነው። ዩቪ ማለት አንድ ጃኬት ስፌቱን ተርትሮ ጠረጴዛ ላይ እንደመዘርጋት ነው። የት እንደሚተረተር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

የምትዘረጉት ባለብዙ ቨርቴክሱን ሞዴል አይደለም፤ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ዝቅተኛውን ኮፒ ነው። ከሌላችሁ መረቡን እንደ አዲስ በሚሠሩት በብሌንደር ኳድሪፍሎው ወይም በዚብራሽ ዚሪሜሸር አዘጋጁ። ከመዘርጋታችሁ በፊት ኦብጀክት ሞድ ላይ ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ስኬል የሚለውን አፕላይ አድርጉ፤ አለዚያ ዝርጋታው ይወጠራል። ከዚያ ኤዲት ሞድ ውስጥ ጠርዞቹን መርጣችሁ ማርክ ሲም በሉ። መቁረጫው ዓይን በማይደርስበት ቦታ ይሁን፦ ከጭንቅላቱ ጀርባ መሃል ላይ ወደ አንገቱ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከአንገቱ ስር ዙሪያውን። ፊቱን መሃል ለመሃል አትቁረጡ። ሁሉንም መርጣችሁ አንራፕ።

የተዘረጋው ትክክል መሆኑን ለማየት አዲስ ምስል ስትፈጥሩ ዓይነቱን ከለር ግሪድ አድርጉና ሞዴሉ ላይ ጫኑት። ሳጥኖቹ ካሬ ከሆኑና መጠናቸው ከተቀራረበ አለቀ። አፍንጫው ላይ ከተለጠጡ መቁረጫ ጨምሩ። ስማርት ዩቪ ፕሮጀክት በአንድ ጠቅታ ይሠራል፣ ለድንጋይና ለሳጥን ጥሩ ነው። ፊት ላይ ግን ብዙ ቁርጥራጭ ይሰጣችኋል፣ አልመክርም።

ደረጃ 5፦ ቀለሙን ወደ ቴክስቸር መገልበጥ

ይህ ቤክ የሚባለው ሥራ ነው። ሁለቱ ሞዴሎች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ይቀመጡ። ዝቅተኛው ሞዴል ማቴሪያል ውስጥ ኢሜጅ ቴክስቸር ኖድ ጨምሩ፣ 2048 የሆነ አዲስ ምስል ፍጠሩበት፣ ኖዱ እንደተመረጠ ተዉት። የሬንደር ኢንጂኑን ሳይክልስ አድርጉ። ቤክ በሚለው ቦታ ዓይነቱን ዲፊውዝ አድርጉና ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት የሚሉትን አጥፉ፤ ከለር ብቻ ይቅር። እነዚህ ሁለቱ በርተው ከቀሩ መብራቱና ጥላው አብረው ይታተማሉ። ሰሌክትድ ቱ አክቲቭ የሚለውን አብሩ። መጀመሪያ ባለብዙ ቨርቴክሱን ምረጡ፣ ሺፍት ይዛችሁ ዝቅተኛውን ጨምሩ፣ ቤክ።

የጠቆረ ወይም የተቦጫጨቀ ቦታ ካያችሁ ኤክስትሩዥን የሚለውን ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አድርጉ። አሁንም ካልጠፋ የዩቪ ቁርጥራጮቹ ተደራርበው እንደሆነ እዩ። ኖርማል ማፕ (የገጹን ጉብታና ጉድጓድ በቀለም የሚመዘግብ ምስል) ከፈለጋችሁ ያው ነው፤ ሌላ አዲስ ምስል ፈጥራችሁ ዓይነቱን ኖርማል አድርጉ፣ የምስሉን ከለር ስፔስ ኖን ከለር (ምስሉ የያዘው ቀለም ሳይሆን ቁጥር መሆኑን የሚነግር ምርጫ)። የቆዳው ቀዳዳዎችና መጨማደዶች ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ሞዴል የሚመጡት በዚህ ነው።

ዚብራሽ ላይ አጭር ነው። ዝቅተኛው ሰብዲቪዥን (የዝርዝር ደረጃ) ላይ ወርዳችሁ በዩቪ ማስተር ትዘረጋላችሁ፣ ወደ ላይ ትመለሳላችሁ፣ ከዚያ ቴክስቸር ማፕ ውስጥ ኒው ፍሮም ፖሊፔይንት። ወደ ሌላ ሶፍትዌር ከመላካችሁ በፊት ፍሊፕ ቪ አድርጉት፣ አለዚያ ተገልብጦ ይመጣል።

ከዚያ ወዲያው ምስሉን ሴቭ አድርጉ! የብሌንደርን ፋይል ሴቭ ማድረግ ብቻውን ምስሉን አያድነውም። ኢሜጅ ኤዲተር ውስጥ ኢሜጅ ከሚለው ሜኑ ለብቻው ሴቭ ይደረጋል። በስሙ ላይ የኮከብ ምልክት ካለ ገና አልተቀመጠም ማለት ነው። ቴክስቸር ፔይንት ላይ ሆናችሁ ጠባሳ፣ ማዲያት፣ የከንፈር መስመር ስትጨምሩም ይህንን አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ራፍነስ

አንድ ደረጃ ብቻ በጥንቃቄ የመሥራት ጊዜ ቢኖራችሁ ይህንን ምረጡ። ራፍነስ ገጹ ምን ያህል እንደሚያብረቀርቅ የሚወስን ባለ ግራጫ ምስል ነው። 0 መስታወት፣ 1 ፍጹም ደብዛዛ።

ቴክስቸር ስሎትስ ውስጥ የመደመር ምልክቱን ተጭናችሁ ራፍነስ ምረጡ፣ መደቡን 0.55 አድርጉ፣ ከለር ስፔሱ ኖን ከለር መሆኑን አረጋግጡ። አፍንጫው ጫፍና ክንፎቹ፣ የግንባሩ መሃል ወዛም ናቸው፤ 0.4 አካባቢ ይውረዱ። ጉንጩ ጎንና አንገቱ 0.6። ከንፈር 0.35፣ የዓይኑ የውስጥ ጥግ ከዚያም ዝቅ ይበል። የዓይን ኳስ ገጽ 0.05 ገደማ። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፣ ፎቶ እያያችሁ አስተካክሉ። ዥጉርጉሩን እዚህም አትርሱ፤ በ0.05 ያህል ወዲህ ወዲያ ማለት ይበቃል። መብራት በጎን ሲመጣ ንጽብራቁ ተሰብሮ ይታያል፣ የፕላስቲኩ መልክም ያኔ ይለቃል።

ሜታሊክ የሚለው ቆዳ፣ እንጨት፣ ጨርቅ ላይ 0 ነው። ብረት ላይ 1። በመካከል አትተዉት። የዛገ ብረት ከሆነ ዝገቱ 0፣ የተፋቀው ቦታ 1። ቆዳ ላይ ሰብሰርፌስም (ብርሃን ወደ ቆዳው ውስጥ የሚገባበትን መጠን) ትንሽ ጨምሩ፣ ጆሮው ከኋላ መብራት ሲመጣበት እንዲቀላ።

ፎቶ መጠቀም

ፎቶን ሞዴሉ ላይ መጫን ይቻላል፤ ብሌንደር ላይ በስቴንስል፣ ዚብራሽ ላይ በስፖትላይት። ፎቶው በደመናማ ቀን ዓይነት ለስላሳ ብርሃን የተነሳ ይሁን። ጥላ ያለበት ፎቶ ጥላውን ይዞ ይመጣል። ከእንጨትና ከድንጋይ ጀምሮ ፖሊ ሄቨንና አምቢየንት ሲጂ በተባሉት ድረ ገጾች ላይ በሲሲ ዜሮ ፈቃድ የተለቀቁ ቴክስቸሮች አሉ፤ ለሚሸጥ ሥራም ቢሆን ያለ ክፍያ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። የሌላ ሰው ፊት ግን ካለፈቃዱ አትጠቀሙ።

ፈትሹና ላኩ

ማቴሪያል ፕሪቪው ላይ ኤችዲአርአይ መብራቱን (ከዙሪያ ፎቶ የሚመጣውን ብርሃን) አሽከርክሩ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያምር ቴክስቸር ብርሃን ተቀብቶበት ሊሆን ይችላል። ሞዴሉን አርቃችሁ ደግሞ አውራ ጣት በሚያክል መጠን እዩት፤ አሁንም ዓይን፣ አፍንጫና አፉ ተለይተው ከታዩ ቀለሙ ሥራውን ሠርቷል። ካልታዩ ዝርዝር አትጨምሩ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ቀጠናዎቹን አጠንክሩ።

ስትልኩ ፒኤንጂ ይበቃል። የቀለሙ ምስል ኤስአርጂቢ፣ ራፍነስ፣ ሜታሊክና ኖርማል ደግሞ ኖን ከለር መሆናቸውን አንድ በአንድ እዩ። ለኖርማል 16 ቢት ብትመርጡ ለስላሳ ቦታዎች ላይ ደረጃ ደረጃ አይሠራም። ብሌንደርና የጌም መሥሪያው ዩኒቲ የሚጠቀሙት የኦፕን ጂኤልን ዓይነት ኖርማል ነው፣ ሌላው የጌም መሥሪያ አንሪል ግን የዳይሬክት ኤክስን። ሞዴሉ አንሪል ውስጥ ገብቶ ጉብታው ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ጉብታ ሆኖ ከታያችሁ እንደገና ቤክ አታድርጉ። አንሪል ውስጥ ቴክስቸሩን ከፍታችሁ ፍሊፕ ግሪን ቻናል የሚለውን አብሩት፣ ይስተካከላል።